ወድቆ ነው በይ

«አለቃ» ብሎ የሾመው ሰው የለም። የቤቱ የበኩር ልጅ ስለሆነ፣ ሳይጠየቅ የሚፈርድ፣ ሳያንኳኳ የሚገባ እሱ ስለሆነ፣ ዘመድ ሁሉ በሌለበት «አለቃ» ይለዋል። የታናሽ ወንድሙ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ግን ባገባች በዘጠኝ ዓመቷም «ጋሼ» ነበር የምትለው። ከ«እርስዎ» ወርዳ አታውቅም።

ሆድና ጀርባ ያደረገቻቸው አንዲት ክፍል ናት። መንገድ ዳር ያለች፣ አንድ መስኮትና የብረት በር ያላት ክፍል። የባሏ አባት በሕይወት ሳሉ «ስፊባት» ብለው ቁልፏን በእጇ ያስቀመጡላት ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚቆልፍ አንድ ኦቨርሎክና የመተኮሻ ጠረጴዛ አስገብታ ለትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ትሰፋባታለች። ሽማግሌው ባረፉ በዓመቱ አለቃ «ክፍሏን ለመድኃኒት ቤት ላከራያት ነውና ውጪልኝ» አላት። አልወጣም አለች። ከሰሳት፤ ቀጠሮ ተሰጣቸው።

ለቀጠሮው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ የጎረቤት ሱቆች ገና ሳይከፈቱ ልትከፍት ስትመጣ በሯ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቆያት። ኦቨርሎኩ የእግረኛ መንገዱ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ተኩሳ የሰቀለቻቸው ቀሚሶች አቧራ ላይ ተዘርግፈዋል። አለቃ አንዱን የስፌት መኪና አቅፎ ከውስጥ ሲወጣ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀመረች።

መኪናውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ስልኩን ከእጇ መነጨቃትና የበሩ ደፍ ላይ አጋድሞ በተረከዙ ረገጠው። ረግጦም አልተወው፤ ሲጋራ እንደሚያጠፋ ሰው ግራና ቀኝ አሸው። መስታወቱ ሲንኮሻኮሽ እሷ ጥርሷ ውስጥ የሆነ ያህል ተሰማት። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ አነሳውና በሁለት እጁ አቀረበላት።

«እንቺ» አላት። «ከእጅሽ ወደቀ።»

ሱቆቹ መከፈት ሲጀምሩ እሱ ሄደ፤ እሷ ዕቃዋን አንድ በአንድ መልሳ አስገባች። ስልኩ የመዝገቧ ሁሉ መዝገብ ነበር። የዘጠና አራት ልጆች ልኬት፣ የእናቶቻቸው ስልክ ቁጥር፣ «ክንዱን ትንሽ ረዘም አድርጊለት፣ ያድጋል» የሚሉ መልእክቶች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ወደ ስልክ ሠሪ ወሰደችው። ሠሪው፣ ቃል የሚቆጥብ ኮስታራ ሰው፣ የራሱን ሌላ ስክሪን ገጥሞ ውስጡን አየላት።

«ዕቃሽ አለ፣ አልጠፋም። ቪዲዮው ግን የለም።»

«እንዴት የለም? እየቀረጽኩ ነበር እኮ!»

«ቀረጻውን ሳታቆሚ ስልኩ ከጠፋ አይቀመጥም። አዲስ ስክሪን ያስፈልገዋል። ለዚህ ሞዴል ደግሞ ውድ ነው። ኢንሹራንስ የለውም?»

ነበረው። ባሏ ሲገዛላት አብሮ አስገብቶታል።

ማታ እራት ላይ፣ አማቷ ቤት፣ ወሬው ተነሳ። ባሏ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም። እሷ «ለዳኛው እናገራለሁ። በሬን ሰብሮ እንደገባም፣ ስልኬን እንደረገጠም እናገራለሁ» አለች።

አለቃ አልተቆጣም። እንዲያውም ድምፁ ቅቤ ሆነ።

«ለምን ነገር ታከሪያለሽ? ኢንሹራንስ አለው አይደል? ወድቆ ነው በይ፣ አዲስ ይሰጡሻል። ከፈለግሽ እኔው ራሴ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አየሽ ልጄ» አሉ አማቷ፤ «ወንድምሽ እኮ ነው። ተጸጽቶልሻል።»

ባሏ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «አዲስ ስልክ ነው፣ እምቢ አትበይ» አለ።

እሺ አለች። ዩኒፎርሙን ልታስረክብ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ስልኩ ያስፈልጋታል። ደከማትም።

የኢንሹራንሱ ቢሮ ሰው ተራ ቁጥር ይዞ የሚያዛጋበት፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት የታሰሩበት ሰፊ አዳራሽ ነው። ባሏና አለቃ ግራና ቀኝ አጅበዋት ገቡ። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት፣ ስልኩን በጣቷ ጫፍ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እንዴት ተሰበረ?»

«ወድቆ ነው» አለ አለቃ።

«የስልኩ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«የወንድሜ ሚስት ናት።»

«እንግዲያው አፍ አላት» አለችና ሠራተኛዋ ፎርሙን ወደ ልብስ ሰፊዋ ገፋችው። «እዚህ ጋ አደጋው የደረሰበትን ሁኔታ በእጅዎ ይጻፉ። ከታች ይፈርሙ። ሐሰት ከሆነ እንደሚጠየቁ ይወቁ።»

እስክሪብቶውን አንስታ «ስልኩ ከእጄ» ብላ ጻፈች። «ወደቀ» ልትል «ወ»ን ስትጀምር፣ በትከሻዋ በኩል የሆነ ነገር አለፈ። ቀና ስትል አለቃ የራሱን ስልክ አውጥቶ በፎርሙ ላይ አነጣጥሯል።

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?»

«ምንም። ለማስታወሻ ያህል ነው። ጨርሺና ፈርሚ።»

«ለምን ማስታወሻ?»

«አቦ ፈርሚ! ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ወለል ብሎ ታያት። አዲስ ስልክም አልነበረ፣ ጸጸትም አልነበረ። በገዛ እጇ ጽሑፍ፣ በገዛ ፊርማዋ፣ «ከእጄ ወደቀ» የሚል ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት ሊቀርብባት ነው። በእራቱ ላይ ሲለሳለስ፣ በታክሲ ሲያሳፍራት፣ በር ሲከፍትላት የነበረው ለዚህ ነው። ወደ ባሏ ዞረች፤ ባሏ ደግሞ የተራ ቁጥሩን ወረቀት በትንሹ እያጠፈ ነበር።

«ታውቅ ነበር?»

«እኔ... መቼም የቤተሰብ ነገር...» አለ።

የጻፈችውን በሁለት መስመር ሰረዘችው። ከሥሩ፣ እንደ ተማሪ አጽድታ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ የባሌ ታላቅ ወንድም ከእጄ ነጥቆ፣ በሱቄ ደፍ ላይ፣ በተረከዙ ረግጦ ሰበረው። ፈረመች። ቀኑን ጻፈች። ከዚያ ፎርሙን አንስታ ወደ አለቃ ስልክ አቀረበችው።

«እንካ፣ አሁን አንሳው። ጥራት ይኖረው ዘንድ ጠጋ ልበልልህ?»

አንተ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። አለቃ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እብድ ናት!» አለ ወደ መስኮቱ። «አትመኗት፤ ወንድሜን ጠይቁት! አንተ፣ ንገራቸው እንጂ! ወድቆ አይደለም እንዴ?»

ባሏ ወረቀቱን እንደገና አጠፈ። አዎም፣ አይደለምም አላለም።

ሠራተኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበች። ፊቷ ላይ አንዳች ርኅራኄ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ሲዋሽበት የዋለ ሰው ፊት ነው። «ይሄን ጽፈው ካስገቡ አይከፈልዎትም። ሰው ሆን ብሎ የሰበረውን አንሸፍንም። ውሉ ላይ አለ።»

«አይከፈለኝ።»

«በኋላ መጥተው እንዳይጨቃጨቁኝ።»

«እኔ የምጨቃጨቀው ከአንቺ ጋር አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እምቢ የምትሉኝ በቃል ነው በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ ነው።»

«ማህተም አለው?»

ሠራተኛዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሰውየውን አየችው፤ ከጫማው እስከ አናቱ። «አለው» አለች። «መርማሪያችንም ያየዋል። ያየውን ይጽፋል።»

አለቃ መስኮቱን በመዳፉ ደበደበ። «የቤተሰብ ምስጢር የምታወጡት እናንተ ማን ናችሁ?» ሲል ጥበቃው መጣ። ክንዱን ሲይዘው «አትንካኝ!» ብሎ ተወራጨና፣ በአዳራሹ ሙሉ ሰው ዓይን ታጅቦ ወጣ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ፤ «ከቤታችን ትወጫታለሽ!» አላት። አንድ አዛውንት ከኋላ ወንበር «መጀመሪያ አንተ ውጣ፣ ተራችንን አሳልፈህብናል» አሉት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባሏ በመንገዱ አንዷ ጠርዝ፣ እሷ በሌላዋ ሄዱ።

«አዲስ ስልክ ነበር የምታገኚው» አላት በመጨረሻ።

«አንተስ? አንተ ምን ነበር የምታገኘው?»

ባሏ በማግሥቱ ልብሱን በቦርሳ አድርጎ በዚያው ግቢ ያለው እናቱ ቤት ገባ። «እስኪበርድ» አለ። አማቷ በበኩላቸው በግቢው ሲያልፉ ሰላምታዋን እንዳልሰሙ ሆኑ፤ ቀደም ብለው ካዩዋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሌሊት ሌሊት አልጋዋ ላይ «ምን ነበር ብተወው?» ብላ ራሷን የጠየቀችበት ጊዜ አለ። ጠዋት ግን ኦቨርሎኩን ዘይት ስታጠጣ፣ በወደቀበት ጎኑ የተጣመመውን እግሩን ስታይ፣ ጥያቄው ይጠፋል።

ደብዳቤው ለቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። የጠየቁት ካሣ ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ምክንያቱ ደግሞ ከታች በአራት መስመር ተዘርዝሯል፤ የስልኩ ጥጎች ምንም ጉዳት የለባቸውም፣ ስክሪኑ ከመሃሉ በጠንካራ ተረከዝ ተጨፍልቋል፣ መስታወቱ ላይ ያለው ጭረት ክብ መሆኑ ተጭነው እያዞሩ እንደረገጡት ያሳያል፣ በመውደቅ የደረሰ አይደለም። ማህተሙ ክብና ሰማያዊ ነበር። እምቢታ አግኝቶ ደስ ያለው ሰው ካለ እሷ ናት።

ዳኛዋ ሴት ነበሩ፤ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ሻክሯል። ልብስ ሰፊዋ የቅዳሜውን ነገር ስትናገር አለቃ ክንዱን አጣምሮ ይሰማል።

«ምን ይላሉ?» አሉት ዳኛዋ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ፈጠራ ነው። እኔ በዚያ ቅዳሜ በዚያ ሰፈር አልዋልኩም። ዝርም አላልኩ። አየሁት ካለች እግዜር ይፍረድባት።»

ደብዳቤው ተነበበ። ዳኛዋ መሃረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። «ተረከዝ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ አለቃ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ሐሰት ነው! ሰውየው ምን ያውቃል? ከእጇ ነው የወደቀው፤ ደፉ ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ጸሐፊዋ ጣቷን ከኪቦርዱ አነሳች።

«የት ቆመው አዩት?» አሉ ዳኛዋ።

አለቃ ወደ ታናሽ ወንድሙ ዞረ። ወንድሙ ከኋላ ወንበር ጫማውን ያያል።

ውርሱ በሕግ እስኪከፋፈል ድረስ ክፍሏ ውስጥ እንድትሠራ፣ እሱም በዚያ በር እንዳይደርስ ተወሰነ። ስልኩንም እንደነበረ አስጠግኖ እንዲያስረክብ ታዘዘ። «በወንድሜ እልክላታለሁ» ሲል ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ራሱ ይምጣ። በመካከል ሰው ከገባ ነገ ሰጠሁ፣ አልተቀበልኩም እንባባላለን።» ዳኛዋ «ልክ ናት» አሉ።

እናም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ስልክ ሠሪው ዘንድ ተገናኙ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ለደንበኛ ያለው አንድ አጭር አግዳሚ ወንበር ብቻ። አንዱ ጫፍ እሷ፣ ሌላው ጫፍ እሱ፤ በመካከላቸው ቦርሳዋን አስቀመጠች። ሠሪው የድሮውን መስታወት በሙቀት አላቆ፣ ስንጥሩን አንድ በአንድ በወረንጦ ሲለቅም አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። አለቃ እግሩን ያወዛውዛል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ያንገሸግሸዋል።

«እናቴን አሳመምሻት» አላት በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ከእንግዲህ ልጇ አይደለሽም።»

«ራሳቸው ይናገሩ። አንተ አፋቸው አይደለህም።»

«አንቺ ብሎ ሰው!»

«እዚህ አትጨቃጨቁ» አለ ሠሪው፣ ከማጉያ መነጽሩ ሳይነሳ። «እጄ ይንቀጠቀጣል።»

አዲሱ ስክሪን ተገጥሞ ሲበራ ሠሪው ስልኩን ወንበሩ ላይ፣ በቦርሳው አናት አስቀመጠው። «ፈትሹት» አለ።

«በደንብ ፈትሺው» አለ አለቃ፣ ለመነሳት እየተቁነጠነጠ። «ኋላ ደግሞ አልሠራም ብለሽ እንዳትከሺኝ።»

«እውነትህን ነው» አለች።

ስልኩን አነሳች። ጣቷን ከጥግ እስከ ጥግ ጎተተች። ካሜራውን ከፈተች፣ ዘጋች። የልኬቱን ዝርዝር አውጥታ ከመጀመሪያው ልጅ ጀምራ አንድ በአንድ ወደ ታች አሳለፈች፤ ዘጠና አራቱንም። ከዚያ የመጀመሪያዋን እናት ደወለችላት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅሽ ቀሚስ ጠርዙ ሰፋ ይበል ወይስ ጠበብ?»

አለቃ ተነሳ። ሠሪው «የስልኩ ባለቤት ተረክቤያለሁ ብላ ሳትፈርም ለፍርድ ቤቱ የሚያሳዩትን ወረቀት አልሰጥዎትም» አለው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሴትየዋ በስልክ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ልጇ ቁመት፣ ስለ አዲሷ አስተማሪዋ ረጅም አወራች። ልብስ ሰፊዋ «እሺ፣ እሺ የኔ እመቤት» እያለች ሁሉንም ሰማች። ስታበቃ ለሁለተኛዋ ደወለች።