ፈገግ ብሎ ሄደ

…አይደለም፣ ሊሆን አይችልም፣ ስንቱ ህንድ ነው ሐበሻ አገር ያስተማረው፣ ይላል ወንድይፍራው ለራሱ፣ ግን ሽማግሌው ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል በባዶ ጣቶቹ አየሩ ላይ ይጽፋል፣ እሱ ነው፣ ሚስተር ናምቢያር ነው፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪያቸው፣ ደብረ ብርሃን፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ያኔ ግራጫ ኮት ነበር የሚለብሰው፣ አሁን ብርቱካንማ ጨርቅ አጣፍቶ፣ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከክትፎ ቤቱ ጎን ባለው የዮጋ አዳራሽ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ሰው ሁሉ ስዋሚጂ፣ መነኩሴው ጌታችን፣ ይለዋል።

ወንድይፍራውን ያመጣችው ልጁ ራኬብ ናት። አባዬ አንዴ ብቻ፣ ፕሊስ፣ ለእኔ ስትል። እንዴት እምቢ ይበላት፣ እናቷ ቦሰና ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ጠፍቶባት፣ ልብሷ ላይዋ ላይ ሰፍቶ፣ ጠበል ወሰዳት፣ ቄሱ ጸለዩላት፣ ሐኪሙ ኪኒን ሰጣት፣ የተኛችው ግን እዚህ ነው፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ፣ የዚህን ሰውዬ ድምፅ እየሰማች። ጎረቤቱ እትዬ ዘቢደር ልጅህን እኮ ጣዖት ቤት አስገባሃት ቢሉት እንኳ አልከለከላትም፣ ትተኛ እንጂ፣ ትብላ እንጂ፣ እግዜር ይቅር ባይ ነው።

ስዋሚጂ በእንግሊዝኛ ሕይወቱን እየተረከ ነው። ፍርሃት የስማችሁ ነው፣ ይላል፣ ስማችሁን አውልቃችሁ ጣሉት፣ ያኔ የሚሞት አይኖርም። ይህን ያስተማረኝ የትኛውም ሊቅ አይደለም፣ አፍሪካ ውስጥ አንድ ልጅ ነው፣ ተማሪዬ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ክፍሌ ገብተው ሊገድሉት ሲወስዱት ዞር ብሎ አየኝ፣ ፈገግ አለ፣ ፈገግ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ዓመት ሥራዬን ትቼ መነኮስኩ፣ የእኔ ጉሩ፣ የነፍሴ መምህር፣ እሱ ነው።

አንድ ልጅ። ስም የለውም። ሰይፈሥላሴ ይባላል፣ የወንድይፍራው ታላቅ ወንድም ነው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ፣ ደግሞ ምን ፈገግ አለ፣ የምን ፈገግታ፣ ሁለቱ የአብዮት ጥበቃዎች ሲጎትቱት የሚስተር ናምቢያርን ኮት ጨምድዶ ይዞ ሰር፣ ፕሊስ ሰር፣ ይንገሯቸው ሰር፣ ሱሪው ርሶ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሰውዬው ደግሞ ጣቶቹን ከኮቱ ላይ አንድ በአንድ ፈለቀቀ፣ ቀስ ብሎ፣ እሾህ እንደሚነቅል ሰው።

ወንድይፍራው አጠገብ ያለች ፈረንጅ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ራኬብም፣ ግን የእሷ የረካ ለቅሶ ነው፣ ፊቷ በርቷል፣ እጁን ጨብጣ፣ ሰማህ አይደል አባዬ፣ እማዬም እንደዚህ ነው የሄደችው፣ እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማስባት አሁን።

በቃ። ዝም ይበል። የሞተ ሞቷል፣ ያለችው ትተኛ። ግን ሰይፈሥላሴስ? በየአገሩ፣ በየምንጣፉ ላይ ፈገግ ሲያሰኙት ሊኖሩ ነው? ነፍሱን ወሰዱ፣ ለቅሶውን እንኳ አይተዉለትም? ኧረ ተው ወንድይፍራው፣ ልጅህን አስብ።

ጥያቄ ያለው፣ ይላሉ፣ ማይክ ይዞራል፣ እጁ ተነስቷል፣ ማን አነሳው? ቆሟል፣ እንግሊዝኛው ጭልጥ ብሎ ጠፋ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳበት እንግሊዝኛ፣ የመጣለት አማርኛ ብቻ ነው። ሰር። ሰይፈሥላሴ ነው ስሙ። ወንድሜ ነው። ፈገግ አላለም፣ አለቀሰ፣ ኮትዎን ይዞ አለቀሰ፣ እርስዎ ያውቃሉ።

ማንም አልገባውም፣ አዳራሹ ምርቃት መስሎት በአክብሮት ይጠብቃል። የሽማግሌው ፊት ግን ይረግፋል፣ ከንፈሩ ይፈልጋል፣ ከስንት ዘመን በታች የተቀበረ አማርኛ ይቆፍራል። አዎ፣ ይላል። እኔ ፈራ። በጣም ፈራ። ልጅ ሁልጊዜ እዚህ አለቀሰ፣ ይላል ጆሮውን እየነካ፣ እኔ አልቻለም፣ ስለዚህ እኔ እሱን አሳቀ።

ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሮ ባማረ እንግሊዝኛ፣ የድሮ ተማሪዬ ነው፣ የአገሩን ሰላምታ አመጣልኝ። ጭብጨባ።

ይኸው ነው? በማይሰሙት ቋንቋ አመነ፣ በሚሰሙት ዋሸ? እንግሊዝኛው ተመልሶለታል፣ አሁን መጮህ ይችላል፣ ዞር ሲል ግን ራኬብ ቦታዋ ላይ የለችም፣ ወደ በሩ እየሄደች ነው፣ ትሰማለች እኮ፣ ቦሰና በአማርኛ ነው ያሳደገቻት፣ ሁሉንም ሰምታለች። ምን አደረግኩ። እንቅልፏን፣ በገዛ እጄ።

ተከትሏት ሲወጣ ፀሐዩ ፊቱን ይመታዋል፣ ጫማቸው እውስጥ ቀርቷል፣ ሁለቱም በካልሲ፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ይቀመጣል፣ ከክትፎ ቤቱ የወጡ ሰዎች አይተዋቸው ያልፋሉ። አጎቴ በቲቢ ሞተ ነበር ያልከኝ፣ ትላለች። ብዬሻለሁ። ከዚያ ድምፅዋ ቀጥኖ፣ እማዬስ፣ እኔ የሆስፒታሉ ካፌቴሪያ ወርጄ ነበር፣ አንተ ነበርክ አጠገቧ፣ እማዬ ፈገግ ብላ ነው?

አዎ ማለት አንዲት ቃል ናት፣ ምላሱ ላይ ናት፣ ጣፋጭ፣ አዎ ልጄ፣ ተኚ። ይውጣታል።

የለም፣ ይላል። ፈርታ ነበር። ራኬብ የታለች፣ ራኬብ የታለች ትል ነበር።

ራኬብ አትጮህም፣ ጉልበቷን አቅፋ ትወዛወዛለች፣ አንተስ ምን አልካት? ትላለች።

መጣች አልኳት። ደረጃው ላይ ናት፣ እየወጣች ነው፣ አልኳት።

አመነችህ?

እኔ እንጃ፣ ይላል፣ መጠየቅ አቆመች።