እትዬ አሰገደች በትዕይንት ዐሥራ ሁለት

1.

«ጠረጴዛው ላይ ያለው ያንቺ ጽሕፈት ነው?» አለ አባቷ ከውስጥ።

«አዎ አባባ! አነበብከው?» አለች ትርሲት። ጓሮ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር።

«አነበብኩት።» ድምፁ ተሰብሯል።

ድርሰቷን አንብቦላት አያውቅም። ልቧ ዘለለ።

«እና... እንዴት ነው?»

«ምን እንዴት አለው ልጄ፤ አንጀት ይበላል።»

የጻፈችው ኮሜዲ ነበር። ቢሆንም በሳሙናው አረፋ መሃል ፈገግ አለች።

2.

ጠረጴዛው ላይ የነበረው አንድ ገጽ፦

*ትዕይንት 12። እትዬ አሰገደች አርፈዋል። ቀብር ነገ በስድስት ሰዓት።*

የትርሲት አባት ወንድይፍራው የሰፈሩ ዕድር ጡሩምባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት መርዶ የሚመጣው ወደ እነሱ ቤት ነው። አባቷ ከሌለ ትርሲት የሟቹን ስም ጽፋ ጠረጴዛው ላይ፣ የጨው ዕቃው ሥር ታስቀምጥለታለች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ያን ዕለት ነፋስ ነበር። የምትጽፈውን የፊልም ድርሰት ገጽ እንዳይወስድባት አንድ ነገር ጫነችበት።

የጨው ዕቃውን።

«ትዕይንት 12» የሚለውን አባቷ የቤት ቁጥር መስሎት ዘለለው። የጎረቤታቸውን ስም ደግሞ ኋላ እቀይረዋለሁ ብላ ነበር።

ኋላ።

3.

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እትዬ አሰገደች አርፈዋል!»

ትርሲት ፎጣዋን እንደ ጠመጠመች ሮጠች። አልደረሰችበትም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ።

እትዬ አሰገደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ሰበታ ውለው ከሚኒባስ ወረዱ፤ በእጃቸው ጥቅል ጎመን ይዘዋል። ድንኳኑን ሲያዩ እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እያለቀሱ ገቡ፤ ከሁሉም በላይ አለቀሱ።

ከዚያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠየቁ።

«ለመሆኑ ማነው የሞተብን?»

4.





(ይህ ቁራጭ ትርሲት ያለቀሰችበት ነበር። ከጽሑፉ አውጥታዋለች።)

5.

የስልክ ንግግር። ኪሩቤል ፊልሙን የሚያዘጋጀው የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ነው።

ኪሩቤል፦ (ይስቃል)

ትርሲት፦ አትሳቅ።

ኪሩቤል፦ ፊልሙ እኮ ይሄ ነው! ደራሲዋ ጎረቤቷን ወረቀት ላይ ትገድላለች፣ ሰፈሩ ድንኳን ይተክላል! ጻፊው!

ትርሲት፦ እሁድ ዕድሩ ተሰብስቦ ጡሩምባውን ከአባቴ ሊወስድበት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የነፋበትን።

ኪሩቤል፦ እሱንም ጻፊው!

ዘጋችበት።

ከዚያ ሰባት ገጽ ጻፈች። አፍራለች፤ እጇ ግን አልቆም አላት።

6.

እሁድ ጠዋት መዳፏ ላይ የጻፈችው፦

ተነሺ።
ጉሮሮሽን ጥረጊ።
«ጥፋቱ የእኔ ነው» በይ።
ሳትጨርሺ አትቀመጪ።

ስብሰባው ሲጀመር ላብ ሦስቱን አጥፍቷቸዋል። የቀረው «ተነሺ» ብቻ ነበር።

ተነሣች።

7.

ከዕድሩ ቃለ ጉባኤ።

አጀንዳ፦ በሕይወት ያሉ አባልን አርፈዋል ብሎ ስለ መንፋት።

ትርሲት ወንድይፍራው፦ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የአባቴ አይደለም። ፊልም እየጻፍኩ ነበር።

እትዬ አሰገደች፦ እኔን?

ትርሲት፦ አዎ። ይቅርታ።

እትዬ አሰገደች፦ ምን ሳደርግ ነው የምሞተው?

ትርሲት፦ ዶሮ ሲያባርሩ።

(ሳቅ። ሰብሳቢው ሥርዓት ይከበር አሉ። ራሳቸውም ሳቁ።)

እትዬ አሰገደች፦ ዶሮዋ ተያዘች?

ትርሲት፦ ተይዛለች።

እትዬ አሰገደች፦ እሱስ ደግ። ግን ስሙኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሁሉ አማትቦ ነው። ባለሱቁ ሳይቀር «እውነት እርስዎ ነዎት?» ይለኛል። መሞቴ በጡሩምባ ተነግሯል፤ መኖሬም በጡሩምባ ይነገር። የገደለኝ ወንድይፍራው ነው፣ የሚያስነሣኝም እሱው ይሁን። ያን ጊዜ ጡሩምባው እጁ ላይ ይቅር።

ውሳኔ፦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

8.

ከስብሰባው እንደ ወጡ እትዬ አሰገደች ትርሲትን ክንዷን ያዟት።

«ፊልሙ ላይ ስምዎን እቀይረዋለሁ» አለች ቶሎ ብላ።

«ስሜን እንዳትነኪ! ይልቅ ዶሮዋን ቀይ አድርጊያት።»

አባቷ ሁልጊዜ የሚነፋበት ማዕዘን ላይ ቆመ። ጡሩምባውን ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰው።

«ምን ልበል?» አለ። «ሰው አለ ተብሎ ተነፍቶ አያውቅ።»

«እንዳሻህ በላ!» አሉ እትዬ አሰገደች።

ወደ ልጁ ዞረ። «ጻፊልኝ።»

ትርሲት ግድግዳው ላይ ተደግፋ ጻፈች፤ ሰረዘች፤ ጻፈች። የጨው ዕቃ አልነበረም፤ በእጁ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው። በሁለተኛው ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

ነፋ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እትዬ አሰገደች





አላረፉም! ዶሮ እያባረሩ ነው!»

ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጣ።