በቅሎዎቹና የጋሽ አምሃ ጸሎት

ክፍሉ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የተሸናፊ ቡድን ደጋፊ ነበር። ይህን የሚለው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ሲለው ግን ይጣላል። ቡድኑ ሙልስ ይባላል፤ እሱ በቅሎዎቹ ይላቸዋል። ከዳላስ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ስታዲየም ቤዝቦል የሚጫወት፣ በቴሌቪዥን የማይታይ የታችኛው ሊግ ቡድን ነው። ዋንጫ ካነሳ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ክፍሉ ኧርቪንግ ባለ ሆቴል የሻትል ሹፌር ስለሆነ፣ ከኤርፖርት ለሚያመጣቸው እንግዶች ሁሉ ይህንኑ በደል ይተርካል። እንግዶቹ ሻንጣቸውን አቅፈው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ምን ያድርጉ፣ መኪናው እየሄደ ነው፣ አይወርዱ ነገር።

በደሉ ደግሞ የእውነት በደል ነው። የታችኛው ሊግ ሥራ ልጆችን አሳድጎ ለላይኛው ማስረከብ ነው። በቅሎዎቹ አንድ ጎበዝ ተጫዋች ባገኙ ቁጥር፣ ልክ ዋንጫው ሲቃረብ ስልክ ይደወልና ልጁ ወደ ላይ ይጠራል። ለልጁ እልልታ፣ ለክፍሉ ለቅሶ። «ቤትህ ገብቶ ከወጡ ውስጥ ሥጋ ሥጋውን እየለቀመ የሚበላ እንግዳ አይተህ ታውቃለህ? እነሱ እንደዚያ ናቸው» ይላል፣ ሰሚ ባገኘ ቁጥር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቤቱ ድረስ መጣ። የባለቤቱ የሰብለወርቅ የእህት ልጅ ኖላዊ፣ ሲያትል ተወልዶ ያደገ መለሎ፣ ለበቅሎዎቹ ፒቸር ሆኖ ተቀጠረና ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርታማቸው ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። ፒቸር ማለት ኳሷን የሚወረውረው ነው። ኖላዊ ሲወረውር ደግሞ መቺዎቹ አየር መትተው፣ ዱላቸውን እየጎተቱ ይመለሳሉ። በቅሎዎቹ እሱን ይዘው ለዋንጫው ጨዋታ አለፉ፤ ጨዋታው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ክፍሉ ልጁን እንደ እንቁላል ይንከባከበው ጀመር። ቆሻሻ እንኳን እንዲደፋ አይፈቅድለትም።

ችግሩ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸሎት መኖሩ ነው። ሰብለወርቅ በቤተ ክርስቲያን «ኖላዊ ወደ ላይኛው ሊግ ይደግ» ብላ ታስጸልያለች። ክፍሉ ደግሞ ጥርሱን እየቦረሸ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይደግ፤ ግን ከእሑድ በኋላ» ይላል።

ጌታ የሰብለወርቅን ሰማ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ አምልኮው እንዳበቃ፣ ኖላዊ ስልኩን ጨብጦ ከኮሪደሩ እየሮጠ መጣ።

«አክስቴ! አሁን ኮል አደረጉኝ! አማሪሎ ነው፣ ላይኛው ቲም! ቱናይት መድረስ አለብኝ፣ ፍላይትም ቡክ አድርገዋል!»

ሰብለወርቅ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ምእመኑ ተከተላት። ክፍሉም እያጨበጨበ ሰዓቱን አየ።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ኤርፖርት የኔ ሰፈር አይደል!»

ሰው ሁሉ መረቀው። እሱ ግን ሌላ እያሰላ ነበር። አውሮፕላኑ ካመለጠው፣ አማሪሎዎቹ ነገ ና ይሉታል። ዛሬ ለበቅሎዎቹ ይወረውራል፣ ነገ ይሄዳል። ማን ተጎዳ? አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚያመልጠው ደግሞ መላው ፊት ለፊቱ ከነከዘራው ቆሟል፤ ጋሽ አምሃ።

ጋሽ አምሃ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ሲጸልዩ ከፍጥረት ነው የሚጀምሩት፤ ኖኅ ከመርከቡ ሳይወርድ የሕፃናት ክፍል ልጆች ይተኛሉ። ያሳጥሩልን የሚል ደፋር እስካሁን አልተገኘም።

«ጋሼ» አለ ክፍሉ፣ በጣም ትሑት ሆኖ። «ልጁ ሳይመርቁት ይሂድ እንዴ?»

«ምን ሲደረግ!» አሉ ጋሽ አምሃ።

ኖላዊን መሃል አቆሙት። ጋሽ አምሃ ቀኝ ክንዱን በሁለት እጃቸው ያዙና «ብርሃን ይሁን ያልክ አምላክ» ብለው ተነሱ። ክፍሉ በአንድ ዓይኑ ይጸልያል፣ በአንድ ዓይኑ ሰዓቱን ያያል። ጸሎቱ ረገብ ባለ ቁጥር «አሜን! አሜን ጌታዬ!» እያለ ማገዶ ይጨምርበታል። ጋሽ አምሃ የታመሙትን፣ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር አዲስ ገብተው ሥራ ያላገኙትን፣ የመኖሪያ ወረቀት የሚጠብቁትን፣ በአየርና በምድር የሚጓዙትን አዳርሰው «በኢየሱስ ስም» አሉ። ኖላዊ ተንፍሶ ሊሄድ ዞረ።

ክፍሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ ጋሼ… ልጁ ግራኝ ነው እኮ።»

ጋሽ አምሃ የልጁን ቀኝ ክንድ አዩት።

«በግራው ነው የሚወረውረው?»

«በግራው ነው። በቀኙ እንጀራ ብቻ ነው የሚበላበት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ የጸለይነው ለእንጀራው ነው?»

ጋሽ አምሃ ሥራ በግማሽ የሚተዉ ሰው አይደሉም። ግራ ክንዱን ያዙና እንደገና ከብርሃን ጀመሩ። ሰብለወርቅ ዓይኗን ገልጣ ባሏን ገረመመችው። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ላብ እስኪያጠምቀው አሜን ይላል።

ኤርፖርት ሲደርሱ የአውሮፕላኑ በር ተዘግቷል። የማታው በረራ ሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነገ ነው። ክፍሉ ከንፈሩን መጠጠ፤ በሆዱ ግን እስክስታ ይወርዳል። ኖላዊ አማሪሎ ደወለ፣ ጥቂት አወራ፣ ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋ።

«ቱናይት ካልመጣሁ ሌላ ፒቸር ኮል ያደርጋሉ። አንድ ስፖት ነው ያለው።»

ይህን ክፍሉ አላሰበውም። ኖላዊ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ።

«ኢትስ ኦኬ፣ ጋሼ። ማለቴ… ጸሎቱ ናይስ ነበር። ማም ጋ ደውዬ ስልኬን ኪሴ ውስጥ ኦን አድርጌው ሰማች። ሁለቱንም። ሁለቴ አለቀሰች።»

ክፍሉ አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወደ መኪናው ተመለሱ። ኖላዊ ቀበቶውን እያሰረ «ሶ፣ ወደ ጌሙ እንሂድ በቃ» አለ። ክፍሉ የተመኘው ሁሉ ይኸው እጁ ገባ፤ ፒቸሩ አጠገቡ ነው፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ክፍሉ ግን ሁለቴ ያለቀሰችውን እናት አሰበ። ከዚያ መኪናውን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዞረው።

«ጋሼ፣ ስታዲየሙ በዚያ ነው።»

«አማሪሎ ነው የምንሄደው። ስድስት ሰዓት አይፈጅም።»

«ጌሙስ?»

«ጌሙ ገደል ይግባ!» አለ ክፍሉ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጥርስ እንደተነቀለ ሰው አመመው። ሰብለወርቅ ጋ ደወለና ቤት የተዋቸው የጨዋታው ትኬቶች እንዳይቃጠሉ ሰው ይዛ እንድትሄድ ነገራት። እሷ ስታዲየሙን ረግጣ አታውቅም።

ጨዋታውን በስልክ እየሰሙ ዊቺታ ፎልስን አለፉ። በኖላዊ ፈንታ የገባው ወቅቱን ሙሉ አግዳሚ ሲያሞቅ የከረመ ቦርጫም ነው። «አለቀልን» አለ ክፍሉ። ቦርጫሙ ወረወረ፤ መቺው አየር መታ። ሁለተኛውም አየር መታ። ክፍሉ አፉን ከፍቶ ዕድሉን እንዳያበላሽ ፈራ። በቅሎዎቹ በአንድ ነጥብ እየመሩ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር፣ ቻይልድረስ የምትባል ከተማ አጠገብ ኔትወርኩ ጠፋ። ክፍሉ ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ዘረጋው። ሜዳና ከብት ብቻ ነው፤ ምንም የለም። ኔትወርኩ ሲመለስ የሰብለወርቅ ጥሪ ገባ።

«ክፍሉ! ወሰድነው! ዋንጫውን ወሰድነው! ሜዳው ውስጥ አስገቡን፣ በእጄ ነካሁት!»

«ከማን ጋር ነው የሄድሽው?»

«ከጋሽ አምሃ ጋር። ደግሞ ያ ሁሉ አሜን ለምን እንደነበር ቤት ስትመጣ እንነጋገራለን።»

ጋሽ አምሃ ስልኩን ተቀበሏት። ድምፃቸው ከጸሎቱ ብዛት ተዘግቷል። «ክፍሉ፣ ይህን ቡድን አያሸንፍም እያልክ ስንት ዓመት ስታማው ኖርክ። እኔ አንድ ቀን መጣሁ፣ አሸነፈ። ምነው ቀደም ብለህ በጠራኸኝ?»

ክፍሉ መኪናውን ዳር አስያዘ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ እንባው መጣ። ደስ ብሎታል፤ ቅናቱም አንጀቱን ይበላዋል። ያን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ሲያቃጥለው የኖረበት ወንበር ላይ ጋሽ አምሃ ተቀምጠው ዋንጫ በሉ።

ኖላዊ ትከሻውን ነካው። «ጋሼ፣ አይም ሶ ሶሪ። እኔን ለማድረስ ብለህ ሚስ አደረግከው። በኔ ምክንያት ነው።»

ክፍሉ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ልጁ በዚያ የዋህ ዓይኑ ያየዋል። አማሪሎ ደግሞ ገና ሩቅ ነው።

«ምንም አይደል» አለ በመጨረሻ። «ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ፊቱ እንደጋለ፣ አንድም ጊዜ ወደ ልጁ ዞር ሳይል፣ አማሪሎ ድረስ ነዳ።