አንድ ጉንጭ ፓኔላ

ባሌን ኤቬሊዮን የስኳር በሽታ ነው የገደለው። ሰው የሚያወራው ግን ፓኔላ እንዳማረው መሞቱን ነው። ያውሩ፣ እውነት ነው። የሞተ ዕለት፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ያን ቡናማ የሸንኮራ ስኳር በሙቅ ውሃ በጥብጬ በረንዳው ላይ ስጠጣ፣ ከወንበሩ ሆኖ «አፈር ስሆን፣ አንድ ጉንጭ ብቻ» አለኝ። ሐኪሙ ከልክሎታል፤ ምን ላድርግ? ኩባያውን በመዳፌ ከደንኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አልተነፈሰም።

ለነፍሱ ያደረስነው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ባበቃ ማግስት፣ ኮሊብሪ የሚሉት አውራ ጣት የሚያክል አበባ ቀሳሚ ወፍ መጣና ባዶው ወንበር ፊት አየር ላይ ቆመ። ከግራ ዓይኑ በላይ ነጭ ላባ አለው። ኤቬሊዮም ግራ ቅንድቡ ነጭ ነበር።

«መጣህ?» አልኩት።

ከሳሌንቶ ገበያ ቀይ የወፍ ማጠጫ ገዛሁ። ምን እንደምሞላበት ማንንም አላማከርኩም። ፓኔላውን ስፈቀፍቅ የባሌ እህት ሩቢዬላ ደረሰች። ግቢዋ በኮሊብሪ የተሞላ ነው።

«እሱን ልትሰጪው ነው?»

«ታዲያ አረቄ ልስጠው?»

«ነጭ ስኳር ነው እንጂ። አንድ እጅ ስኳር፣ አራት እጅ ውሃ። ፓኔላ ለነሱ መርዝ ነው። እኔም ሦስቱን ቀብሬ ነው የተማርኩት።»

«ይሄኛው ኤቬሊዮ ነው።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወንበሩን አየት አድርጋ፣ «ከሆነማ ወንድሜን እንዳትገድይብኝ» ብላኝ ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ። ብሰጠው ይሞታል። ብከለክለው ኩባያውን ስከድንበት ያየኝን ዓይን ዳግመኛ ላየው ነው፤ ያን ዓይን ደግሞ እፈራዋለሁ። በመጨረሻ እየተራገምኩ ነጩን ስኳር በጥብጬ ማጠጫውን ሰቀልኩ።

በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ የራሴን ፓኔላ ይዤ ወንበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጣ። ማጠጫውን ዞር ብሎም አላየው። ቀጥ ብሎ ኩባያዬ ላይ መጥቶ ቆመ።

«ያንተ ያኛው ነው፣ ሆዴ» አልኩት። ወይ ፍንክች!

ኩባያውን በመዳፌ ከደንኩት። ምንቃሩ ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካካ፣ ቀዳዳ ፈለገ። እያለቀስኩ ይበልጥ ገጠምኳቸው።

ያኔ ተወኝ። ሄዶ ወንበሩ ላይ አረፈ፣ ክንፉን ሰበሰበ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።