የልደት ድልድል

ሐሙስ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በቦንጋ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወስደው ኮብልስቶን ዳር ባለ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ የሕፃን አብርሆት ኤርምያስ ሰባተኛ ዓመት ልደት ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እንደሚከበር፣ ተጋባዦቹም አሥራ ሁለት ልጆች ብቻ እንደሚሆኑ በይፋ ተገለጸ። መግለጫውን የሰጠችው እናቷ የሺሃረግ ስትሆን አባቷ ኤርምያስና ባለልደቷ ራሷ ተገኝተዋል። አባት የተገኘው ካልሲ ሲፈልግ ነው።

የሺሃረግ በዞኑ ካሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሰው ሀብት ባለሙያ ናት። ባለፈው ዓመት የሠራተኛ ድልድል ሲሠራ ሰንጠረዡን ያዘጋጀችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ ሰላም የማይሏት ሰባት ሰዎች አሉ፤ ስምንተኛው ሩቅ ወረዳ፣ ቢታ ገነት ስለተመደበ ገበያ አይመጣም። እሷ ግን በመስፈርት ታምናለች። በመስፈርት የተሠራ ነገር ማንንም አያስቀይምም፤ የተቀየመ ካለም ሰንጠረዡን ማየት ይችላል።

የልደቱም ሰንጠረዥ እንዲሁ ተሠራ። አብርሆትን ልደቱ ላይ ጠርቶ የሚያውቅ፣ ሠላሳ ነጥብ። የወላጅ የሥራ ግንኙነት፣ ሠላሳ። ጉርብትና፣ ሃያ። ጠባይ፣ አሥራ አምስት። ከባለልደቷ ጋር ያለ ጓደኝነት፣ አምስት።

"ማሙሽ ሰማንያ አንድ አምጥቷል፤ አንደኛ ነው" አለች የሺሃረግ።

ማሙሽ የአለቃዋ የጋሽ ዓለሙ ልጅ ነው።

"ማሙሽ ይነክሳል" አለች አብርሆት።

"ታይቷል። በጠባይ ከአሥራ አምስት አንድ ነው የተሰጠው።"

"ደግሞ የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል" አለ ኤርምያስ ከአልጋው ሥር ሆኖ። "ዘንድሮ ብዙም አያሰጋም።"

አብርሆት ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። ማንበብ ገና እየለመደች ስለሆነ ጊዜ ወሰደባት። "ናዝራዊትስ?"

"ናዝራዊት ሃያ ነው ያመጣችው። መግቢያው አርባ ነው።"

"ለምን ሃያ?"

"በጠባይ አሥራ አምስት ከአሥራ አምስት፣ በጓደኝነት አምስት ከአምስት። ከዚህ በላይ መስጠት አልችልም፣ ሞልቷል። ሌላው ላይ ግን ዜሮ ናት። ቤታቸው ሩቅ ነው። እናቷ ኮረሪማ ነው የምትሸጠው፣ ከመሥሪያ ቤታችን ጋር አትገናኝም። ልደቷ ላይም ጠርታሽ አታውቅም።"

"ልደት ተከብሮላት አያውቅማ!"

"ለዚህ ነው ዜሮ ያልኩሽ።"

ኤርምያስ በአንድ እግሩ ካልሲ አድርጎ ተነሣ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ አይናገርም። "ቅሬታ ሰሚ አለ?" አለ።

"አለ። አንተ ነህ።"

"እንግዲያው ቅሬታዋን ተቀብያለሁ። ትጠራ።"

"አስተያየት ትሰጣለህ እንጂ አትወስንም። ናዝራዊት ከገባች ፍሬ ሃያ ሁለት አላት፣ ሰላሐዲን ሃያ አምስት አለው። እነሱን ምን ልላቸው ነው? ለልጅ ማዳላት ጥሩ አይደለም።" ወደ ልጇ ዞረች። "አንቺም ትምህርት ቤት ምንም እንዳታወሪ። የሚጠሩትን እናቶቻቸው ዘንድ ደውዬ እጨርሳለሁ። ሌላው ከጠየቀሽ፣ ዘንድሮ ልደቴ አይከበርም ትያለሽ።"

"ውሸት ነው እኮ።"

የሺሃረግ አሰበች። "አይደለም። ለእነሱ አይከበርም።"

አብርሆት ወረቀቱን ለእናቷ መለሰችላት። ማታ እራቷን ግማሽ ተወችው፤ ናዝራዊት ከሌለች ሻማዋን እንደማታጠፋም ለአባቷ በጆሮው ነገረችው። አባትየው ሚስጥር ጠባቂ ስለሆነ ለእናቷ አልነገረም።

አርብ አብርሆት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሺሃረግ ድንች እየላጠች ነበር።

"ጠየቁሽ?"

"ናዝራዊት ጠየቀችኝ። 'አይከበርም' አልኳት። 'ለምን?' አለችኝ።"

"ምን አልሽ?"

"'እማዬ አልቻለችም' አልኩ።"

"ይሁን። ደግ አደረግሽ።"

"አለቀሰች።"

"ምን ያስለቅሳታል? አልጠራንሽም አላልናትም።"

"ለራሷ አይደለም። ለእኔ ነው ያለቀሰችው።"

የሺሃረግ ድንቹን መላጧን ቀጠለች። ያን ቀን ከልጣጩ ጋር ብዙ ድንች ተጣለ።

ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ዋለ። ኬኩ ከጅማ ታዞ በሚኒባስ መጣ። መንገድ ላይ፣ ሺሺንዳ ከተማ ከባለቤቷ ጋር የተሳፈረች ዶሮ ካርቶኑ ላይ ስለተቀመጠች አንድ ጥግ ጎድጉዷል፤ ኤርምያስ ያንን ጎን ወደ ግድግዳው አዙሮ አስቀመጠው። ስምንት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም ልጆች ገቡ። ሁሉም የወረቀት ቆብ ተደረገላቸው። ማሙሽ ቆቡን ቀምሶ ተወው።

ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ወላጆች ሶፋው ላይ ተደርድረው ነበር። የማሙሽ እናት እትዬ አስካለማርያም ለስላሳቸውን አስቀምጠው ወደ የሺሃረግ ጠጋ አሉ።

"ላልተጠራ እንዳትነግሩ ያልሽን አደራ እኮ ጭንቅ ውስጥ ከተተኝ! ጠዋት ተሾመች ደወለችልኝ። የኮረሪማ ደንበኛዬ ናት፣ የናዝራዊት እናት። 'ማሙሽን ከሰዓት ይላኩልኝ፣ የክፍላቸው ልጆች ጉዳይ አላቸው' አለችኝ። ምን ልበላት? ልጁ አሞታል፣ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው አልኩ።"

"ለእኔም ደውላለች" አለ ከማዶ ቢሻው። የልዑልቃል አባት ነው፤ ቀበሌ ውስጥ ይሠራል። "እኔ ለቅሶ እንሄዳለን አልኳት።"

"ልጅ ይዞ ለቅሶ?"

"አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። 'ማን ሞቶ?' እንዳትለኝ ቶሎ ዘጋሁት።"

ሳቁ። የሺሃረግም ሳቀች፤ የምን ጉዳይ ይሆን ብላ ግን ወደ በሩ አየት አደረገች። ተነሥታ ሰባቱን ሻማ ለኮሰች። ልጆቹ ዘመሩ። አብርሆት አፏን ገጥማ ሻማዎቹን ታያቸዋለች።

"እፍ በያ!"

"አልልም።"

"ምን ሆነሻል? ሰው ፊት ..."

የግቢው የቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ኤርምያስ ወጣ። ሲመለስ ብቻውን አልነበረም፤ የሳሎኑን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ወደ ጎን ቆመ።

ሃያ ሰባት ልጆች በሁለት ሰልፍ ቆመዋል። ፀጉራቸው ላይ ካፊያው አርፏል። አንዱ አቮካዶ ይዟል፣ አንዷ የተቀቀለ በቆሎ። ሰላሐዲን የሙዝ ዘለላ በትከሻው ተሸክሟል። ለሁሉም አንድ ፊኛ ነበራቸው፤ እሱንም ፍሬ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ከኋላ ተሾመች በኮባ ቅጠል የተጋገረ ትልቅ ዳቦ ተሸክማ ቆማለች። ከፊት ናዝራዊት ናት፤ የእሁድ ቀሚሷን ለብሳለች።

ናዝራዊት ያጠናችውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። "እትዬ፣ የአብርሆትን ልደት ልናከብርላት ነው የመጣነው። እርስዎ ዘንድሮ ስላልቻሉ። ሁላችንም ከቤታችን ያለውን አምጥተናል። ሳህን አያስፈልገንም።"

ከዚያ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ አየች። ቆብ ያደረጉትን አሥራ ሁለቱን አየች። ፊቷ በራ።

"እናንተም ሰምታችሁ መጣችሁ!" አለች።

ሻማው ኬኩ ላይ እየቀለጠ ነው።

ተሾመች ዳቦውን ከራሷ ላይ አውርዳ በክንዷ ታቅፋ ገባች። አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንገቷን ዝቅ እያደረገች ሰላም አለች። ኬክ የነካ ጣቱን የሚልሰው ማሙሽ ፊት ስትደርስ ቆመች። "እትዬ አስካለማርያም፣ ተሻለው? ጌታ ይመስገን። ስንጸልይለት ነው ያረፈድነው።" ወደ ቢሻው ዞረች። "ጋሽ ቢሻው፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።"

"አሜን" አለ ቢሻው።

እትዬ አስካለማርያም ወደ የሺሃረግ አዩ። ኤርምያስም አየ። 'አዎ፣ እነዚህም እንደ እናንተ ሰምተው ነው የመጡት' ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አብርሆት ከጠረጴዛው ራስ ላይ ሆና እናቷን ታያታለች።

የሺሃረግ እስከ በሩ ሄዳ በጉልበቷ ዝቅ አለች።

"አይደለም፣ ናዝራዊት" አለች። "እነሱን ጠርቻቸው ነው።"

"እኛንስ?"

"እናንተን አልጠራኋችሁም። አብርሆትንም አይከበርም እንድትል ያደረግኳት እኔ ነኝ።"

ናዝራዊት ይህን አሰበችበት። ኋላዋ የተሰለፉትን ዞራ አየች፤ ጫማዎቻቸውን አየች፤ እናቷን አየች።

"ታዲያ ዳቦውን የት እናስቀምጠው?" አለች። "ለእናቴ ከብዷታል።"

ጠረጴዛው አንድ ነው። መሐሉን ኬኩ ይዞታል። የሺሃረግ ተነሥታ ኬኩን ከነሻማው በሁለት እጇ አነሣች፤ ለእትዬ አስካለማርያም አቀበለችና፣

"አንዴ ይያዙልኝ" አለች።

ከዚያ ከተሾመች ክንድ ዳቦውን ተቀብላ፣ የጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጠችው።