የፒዮንግያንጉ ሂስ

እና አምባዬ ምን ይበል፣ ኖ ነዋ፣ ልጁ ኑሃሚን መኪናውን ፓርክ እያደረገች ነግራዋለች እኮ፣ አባዬ ፕሊስ፣ ያለፈ ታሪክህን ከጠየቁህ ኖ በል፣ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚያልፈው፣ ደግሞ እንዳትዘባርቅ። እውነቷን ነው። ዛሬ ሲቲዝንነቱን ካላገኘ ከሦስት ዓመት በፊት አገር ቤት ሄዶ ያገባት ውቢት እስከ መቼ ትጠብቀው፣ የሷም ወረቀት የተንጠለጠለው በዚሁ ኢንተርቪው ነው።

የአትላንታ ኢሚግሬሽን ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ደግሞ ሌላ ወሬ የለውም፣ ሰሜን ኮሪያ ሚሳይል ተኮሰች፣ ሕዝቡ ተሰልፎ ያጨበጭባል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰውዬ ይስቃል፣ ምን ያስገለፍጠዋል? አምባዬ የሚያጨበጭቡትን ፊቶች አንድ በአንድ ይለቅማል፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው፣ የፒዮንግያንጉ አስተርጓሚ ቢኖርም አርጅቷል፣ ቢያየውስ መች ይለየዋል፣ ስልክ አይገባ፣ ደብዳቤ አይገባ፣ ማንን ይጠይቅ፣ አገር ነው ወይስ ክዳኑ የተበየደ በርሜል፣ ኤጭ!

በሰባ ስድስት ነው፣ ደርግ አምባዬን ጨምሮ አሥራ ሁለት ወጣት መርጦ ፒዮንግያንግ የላከ ጊዜ፣ ለአብዮቱ በዓል የሰልፍ ትርዒት ተማሩ ብሎ። አስተርጓሚያቸው ጓድ ፓክ። ቀጭን፣ አማርኛውን ከመጽሐፍ የለቀመ፣ በቀትር እንደምን አደራችሁ የሚል ሰው። አንድ ቀን ከአምባዬ ጋር ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናንተ አገር ሰው ደስ ስላለው ብቻ ተነስቶ ሌላ ከተማ ይሄዳል? አለው። ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለም።

ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ ነው፣ ባዶ እጅ አይቀረብም፣ የአንድ ሰው ጥፋት ማንሳት ግድ ነው፣ አምባዬ የሚያነሳው ጠፋው፣ ፈራ፣ ቦቅቧቃ! የፓክን ጥያቄ አነሳ። አዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ ቢሆን ሰውየው ሂሱን ተቀብያለሁ ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ አብሮ ሻይ መጠጣት ነው፣ እንደዛ መስሎት እኮ ነው፣ በእግዜር! ሰኞ ሌላ አስተርጓሚ መጣ። ጓድ ፓክስ? ቢሉት እንዳልሰማ አለፈው።

ሚስተር አምባዬ። ይነሳል፣ ይገባል፣ እጁን አንስቶ ይምላል፣ ሴትየዋ ፈገግ ትላለች፣ ፎርሙን በቀይ እስክሪብቶ እየነካች ትወርዳለች፣ ኖ፣ ኖ፣ ኖ፣ እንዴት ይቀላል፣ በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ ያሳደዱት ሰው አለ? በል እንጂ፣ ኑሃሚን ውጭ እየጠበቀች፣ ውቢት፣ አንድ ቃል እኮ ነው፣ ቀዩን እስክሪብቶ ያያል። እንግሊዝኛው የከበደው መስሏት፣ የዋህ፣ ቀስ ብላ ለሕፃን እንደሚነገር ትነግረዋለች፣ ማለትም በአሳቡ ምክንያት በእርስዎ የተጎዳ ሰው አለ?

የስ።

እስክሪብቶው ይቆማል። ማን? ፓክ። ፓክ ማን፣ ሙሉ ስሙ? ሙሉ ስሙ፣ ሙሉ ስሙ፣ ስድስት ወር አብሮት በልቶ፣ ሰውየው የእሱን ስም እስከ አያቱ አጥንቶ ሲጠራው፣ ወይ አምባዬ፣ ወይ አንተ ሰው፣ አላውቅም ይላል፣ አልጠየቅሁትም።