የካሳ አርባ

እናንተ፣ በረሃብ ለሞተ ሰው በሬ አርዳችሁ ታውቃላችሁ?

በሬው ከቀጭን አምባ ጊዮርጊስ ውስጠኛ ቅጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ታስሮ ቆሟል። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ባለፈው በጋ ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ ሣር የሚባል ነገር ጠፍቶ ከብቱ ሁሉ ሲረግፍ፣ ሟቹ ካሳ የጎጆውን ክዳን እየነቀለ ያበላው በሬ ነው። «ሽጠህ ብላበት» ሲሉት «ዝናቡ ሲመጣ ልጆቼ በምን ያርሳሉ?» እያለ እምቢ አለ። ክዳኑ አለቀ፤ ካሳም አለቀ፤ በሬው ተረፈ። ዝናቡ የመጣው ካሳ ከተቀበረ በኋላ ነው።

ዛሬ አርባው ነው። ቅዳሴው አብቅቶ ሕዝቡ ሲወጣ፣ የቅኔው መምህር መሪጌታ አራጌ መጀመሪያ ያዩት በሬውን አልነበረም፤ አራጁ ፈንታው ድንጋይ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቢላዋ ሲስል ነው። ደም ወደ ግንባራቸው ወጣ። ቁጣቸው ቅርብ መሆኑን አገሩ ያውቃል፤ ተማሪዎቻቸው «የኔታ ሲቆጡ ግዕዙም ይሸሻል» ይላሉ። ሆዳቸው ግን ከእሳቸው ጋር አልተማከረም። ቢላዋውን ሲያይ ጮኸ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳቸው።

የሟቹ ሚስት እንቁ ገመዱን ይዛ ቆማለች። ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ማን እረጂ አለሽ?» አሏት መሪጌታ።

«ማንም አላለኝ። አለቃ ብቻ ‹ካሳ ሳይዘከርለት እንደ ውሻ ሊቀር ነው?› አሉኝ። ድግስ ከሌለ ነፍሱ ስትንከራተት ትኖራለች አሉኝ።» ገመዱን በእጇ ላይ ጠመጠመችው። «እኛስ በሕይወት አለን፣ መሪጌታ። እሱ ነው የሚያሳዝነኝ።»

መሪጌታ ወደ ገመዱ አዩ። በዚህች ሴት ላይ መቆጣት አይቻልም። ለምትወደው ሰው የቀራትን ሁሉ ልትሰጥ መጥታለች፤ ማን ይህን ኃጢአት ይለዋል? ኃጢአቱ የተቀባዩ ነው።

ከውጭው የግቢ ካብ ማዶ በሽር ጮኸ። የእንቁ ጎረቤት ነው፤ እሱም አንድ በሬ ብቻ ስላለው ከካሳ በሬ ጋር አቀናጅቶ የሁለቱንም ቤት መሬት ያርሳል። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አክብሮ ካቡን አላለፈም።

«ወላሂ መሪጌታ፣ የኔው ቀንጃ ብቻውን ምን ሊያርስ ነው? ሥጋውን እንኳ አልቀምሰው! የእናንተን እርድ አልበላ፤ እናንተ ግን እርሻዬን ልትበሉት ነው?»

ሰው ሳይወድ ሳቀ። ፈንታውም ቢላዋውን እንደያዘ ሳቀ። ሳቁ የቆመው አለቃ ውበቱ ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ነው። አለቃ የደብሩ ሹም ናቸው፤ ድሮ ግዙፍ ነበሩ፤ አሁን ካባው እንደ ተሰቀለ ልብስ ይወዛወዝባቸዋል።

«ምን ትጠብቃለህ ፈንታው? ፀሐዩ ሳይከር።»

«አይታረድም» አሉ መሪጌታ።

አለቃ ቀስ ብለው ዞሩ። «አዲስ አበባ ሚኒስትር ተሻረ ቢባል፣ እዚህም አለቃ የሚሻር መሰለዎት?»

«ፍትሐቱን ፈታን፤ ጸሎቱን አደረስን። ለካሳ የጎደለበት ምንድን ነው?»

«ሥርዓቱ! አባቶቻችን ያቆዩን ሥርዓት! ነዳያንም ይበሉበታል።»

«ነዳይዋ እሷ አይደለችም እንዴ? ከእሷ ወዲያ ነዳይ የታለ? የነዳይን በሬ አርደን ነዳይ ልናበላ ነው?»

«መሪጌታ ደሴ ወርደው ሚሲዮን ገብተው መጡ መሰለኝ» አለ አንዱ ከኋላ። «ጸረ ማርያም!» አለች ሌላዋ፤ ቃሉ በሕዝቡ መሐል እንደ እሳት ዞረ።

አለቃ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዲያቆናቱን የቀጠነ አንገት አላዩም? ከመስከረም ወዲህ ተዝካር የደገሰ ሰው የለም። እኛስ ምን እንብላ፣ ዕጣኑን? ዝም ይበሉ። እምቢ ካሉ ከማኅሌቱ ይለያሉ፤ የሚያርሱትንም መሬት ደብሩ ይወስዳል። አወግዝዎታለሁ።»

ዛቻው ባዶ እንዳልሆነ መሪጌታ ያውቃሉ። ቤታቸው ውስጥም የሚቀመስ የለም። አለቃን አዩዋቸው፤ እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ርቧቸዋል። ግን ለራበው ካህን ተብሎ የክርስቶስ ደም ዋጋ ይቀነሳል? ዛሬ ለካሳ በሬ ይጨመርለት ከተባለ፣ ነገ በሬ የሌለው ደሃ ሞቶ ምን ሊባል ነው? በዚህ ዓመት ስንቱን ያለ ከፈን ቀበርን፤ ያ ሁሉ ሰው ሲኦል ነው? ቤተ ክርስቲያን በጠላት አትፈርስም፤ እንዲህ በሹክሹክታ ነው የምትፈርሰው።

ፊታቸውን አዙረው ደወሉ ወደ ተሰቀለበት ዛፍ ሄዱ። መምቻውን ድንጋይ አንስተው ደወሉን ያለ ሰዓቱ መቱት። ደገሙት። ወደ መንደር መንገድ የጀመረው ሕዝብ ተደናግጦ ተመለሰ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ሽማግሌዎቹ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ግቢውን ሞሉት። በሽር ካቡ ላይ ወጣ። እንቁ ገመዱን ይዛ፣ አንዴ ፈንታውን አንዴ መሪጌታን ታያለች።

«ስሙኝ!» አሉ መሪጌታ። «ከማኅሌት ልለይ፤ መሬቱም ይወሰድ። ቢወገዝም የሚወገዘው የኔው ራስ ነው። አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ።»

አለቃ ውበቱ እጃቸውን አነሱ። «መሪጌታ፣ ይህ በጓዳ የሚነገር ነው። ይግቡና እንነጋገር።»

«አልገባም! ለእሷ የተነገራት በጓዳ ነው፤ መልሱ ግን በአደባባይ ይሁን። አለቃ፣ ዛሬ ማለዳ በመንበሩ ላይ የሰዋነው የእግዚአብሔር በግ ለካሳ በቃው ወይስ አልበቃውም? አልበቃውም የሚሉ ከሆነ እዚሁ፣ በመስቀልዎ ፊት ይበሉት፤ በሬውን እኔው ራሴ አርዳለሁ። በቃው የሚሉ ከሆነም ይህች ሴት ትስማ። ለእኔ አይመልሱልኝ። ለእሷ፣ በዚህ ሕዝብ ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ!»